ፈላጊ ያላት ልጅ

ደብረ ማርቆስ
ጥቅምት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ደመላሽ፤

ክረምቱን አሳልፎ ለጥቅምት ብርድ ያደረሰን አምላክ እርስዎንም ባሉበት በጤና ይጠብቅዎ እያልኩ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኛ ደህና ነን።

ማን እንደጻፈልዎ ግራ እንዳይገባዎ፣ የሥራነሽ ልጅ እስከዳር ነኝ። እናቴና እርስዎ የወንድምና የእህት ልጆች ናችሁ። አገር ለቀው ሲሄዱ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አንድ ጊዜ በትከሻዎ ተሸክመውኝ ጭንቅላቴን ከበር ጉበን ጋር እንዳጋጩት ይነገረኛል። ቂም አልያዝኩም። አድራሻዎን የሰጡኝ እናትዎ እማማ ወለተ ሰንበት ናቸው። ከዲማ ሊጠይቁን መጥተው ከመቀነታቸው ውስጥ የፖስታዎን ጀርባ ፈትተው አሳዩኝ። ስልክ ቁጥርዎን ብጠይቃቸው «እሱ ስልክ አይወድም» ብለው ወሬውን ቀየሩት። ስለዚህ በደብዳቤ መጣሁብዎ።

እኔ የሠርግ ቪዲዮ ቀራፂ ነኝ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ተስካር፣ የተጠራሁበትን ሁሉ እቀርፃለሁ። አሁን ግን የራሴን ፊልም ልሠራ ቆርጬ ተነስቻለሁ። የሚያስፈራ ፊልም። ያ «ወድቆ የተገኘ» የሚባለው ዓይነት፦ ሰዎቹ ጠፍተው ካሜራቸው ብቻ ይገኝና ተመልካቹ የቀረፁትን እንደ እውነት የሚያየው። ባለኝ ካሜራ፣ ያለ መብራት፣ ያለ ብዙ ሰው ሊሠራ የሚችለው ይኸው ስለሆነ ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ እወደዋለሁ፤ እንደምወደው ለሰው ለመናገር ግን አፍራለሁ። የከተማው የወጣቶች ማዕከል አዳራሹን ለሚያዝያ 22 ፈቅዶልኛል። ያን ቀን ካላሳየሁ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ እኔም አፌን ይዤ ሙሽራ ስቀርፅ እኖራለሁ።

እርስዎ ሲኒማ ቤት እንደሚሠሩ እማማ ነግረውኛል። የዚህ ዓይነቱን ፊልም ጉድለት ይንገሩኝ። ሳይራሩ ይንገሩኝ።

አክባሪዎ
እስከዳር

◆

ጎተንበርግ
ኖቬምበር 30 ቀን 2022

ለእስከዳር፣ ለሥራነሽ ልጅ፤

ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ከሚጨልም አገር የተላከ ሰላምታ ቢቀዘቅዝም ተቀበይኝ። አምላክ የጀመርሽውን ያስፈጽምሽ። የሚያስፈራ ፊልም ይመረቃል ወይ የሚለውን ለቄሶቹ ትቼዋለሁ።

ጉበኑን አስታውሳለሁ። ጥፋቱ የጉበኑ ነው።

የሚጠየቀውን ሰው አግኝተሻል። እዚህ ሥራዬ በአንድ ትንሽ አዳራሽ ላይ ኃላፊ መሆን ነው፤ ረቡዕ ረቡዕ የሚያስፈራ ፊልም እናሳያለን። ላለፉት አሥራ አራት ዓመታት ስንቱን አየሁት? ሦስት መቶ ይሆናል። ረቡዕ ጾም መሆኑን እያወቅሁ፣ በቅቤ የታሸ ፈንዲሻ እየበላሁ። የዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ጎበዝ ተማሪ የነበርኩት ሰውዬ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።

ጉድለታቸው ተቆጥሮ አያልቅም። ሰውየው ሞት እግር በእግር እየተከተለው ካሜራውን አይጥልም። ለምን? ማንም አይመልስም። እኔ ብሆን ጫማዬንም ጥዬ ነበር የምሮጠው። ባትሪውስ? ሦስት ቀን ጫካ ውስጥ ጠፍተው ባትሪያቸው አያልቅም፤ መብራት በየቀኑ ለሚጠፋበት አገር ሰው ይህን አሳይተሽ ማሳመን አትችይም፣ ይስቅብሻል። ከዚያ ደግሞ ለአንድ ሰዓት ያህል «ሰማህ?» «ምን?» «ድምፅ» «አልሰማሁም» ነው። ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ሆድ ይታመማል፣ ግማሹ ፊልም የአንዲት ልጅ አፍንጫ ነው። ቆርጦ የቀጠለውስ ማን ነው? ጭራቁ?

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለምን እመለሳለሁ? ምክንያቱም በሌላው ፊልም ሰው ሲሞት ተዋናይ ሞተ እላለሁ። በዚህ ግን፣ ያቺ ድንክዬ ካሜራ መሬት ወድቃ ሣሩን በጎን ስታሳይ፣ በየጊዜው፣ ሞኝ መሆኔን እያወቅሁ «በቃ ጠፉ» እላለሁ። ለሌላ ሰው አታውሪው።

ለእናቴ ሰላም በይልኝ።

ደመላሽ

◆

ደብረ ማርቆስ
ታኅሣሥ 26 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ደመላሽ፤

ለልደቱ በዓል በሰላም ያድርስዎ፤ የነቢያትን ጾም ያለ ፈንዲሻ እንዳሳለፉት ተስፋ አለኝ።

ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ካሜራው ያነሱት ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ ነሳኝ፤ ከዚያ መልሱን ከገዛ ሥራዬ አገኘሁት። ጋሼ፣ እኔ ካሜራዬን የማልጥለው መቼ ነው? የሰው ሠርግ የተቀረፀበት ሜሞሪ ካርድ ውስጡ ሲሆን። አንድ ጊዜ ደብረ ኤልያስ ሠርግ ቀርፄ ስመለስ የተሳፈርኩበት መኪና ወንዝ ዳር ተገለበጠ። እጄ ተሰበረ እንጂ ካሜራዬ ጭረት አልነካውም፤ የሰው ሠርግ ሁለተኛ አይደገምም። ስለዚህ የኔ ፊልም ልጅ ሠርግ ቀራፂ ናት። ከዲማ በታች ካለ ሰፈር ሠርግ ቀርፃ በአቋራጭ በገደሉ ስትመለስ መንገድ ይጠፋባታል። የሚከተላት ነገር አለ። ሙሽሮቹ በካርዱ ላይ ናቸውና ካሜራውን መጣል አትችልም። ባትሪውም ያልቃል፤ በየመሐሉ ይጠፋል፣ ስታበራው ሌላ ቦታ ናት።

ልጅቱን የምትሠራው ጓደኛዬ ሂዊ ናት፤ ፀጉር ቤት አላት። በፊልሙም ስሟ ሂዊ ነው፣ በሌላ ስም ስንጠራት አትዞርም። ካሜራ የሚያግዘኝ አስማማው ነው፣ ባጃጅ ነጂ፤ እጁ አይንቀጠቀጥም፣ እንዲንቀጠቀጥ ማለማመድ ነው የከበደኝ። የጥር ሠርግ እንዳለፈ እንጀምራለን።

አንድ ልመና አለኝ። በፊልሙ መጨረሻ ካሜራው ውጭ አገር ላለ ዘመድ ይደርሰዋል። ያንን ዘመድ እርስዎ ይሁኑልኝ። አንድ ደቂቃ ራስዎን በስልክ ቀርፀው ቢልኩልኝ ይበቃል። ለእማማ ይህን እንደምጠይቅዎ ስነግራቸው «ፊቱን ካየሁት ስንት ጊዜው» አሉ። ድምፅዎን እንኳ ከሰሙ አሥራ አንድ ዓመት መሆኑን የነገረችኝ እናቴ ናት።

እስከዳር

◆

ጎተንበርግ
ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2023

ለእስከዳር፤

ጤና ይብዛልሽ። የዘገየሁት በሥራ ብዛት ነው።

የሠርጉ ካርድ ነገር ግሩም ነው። ሦስት መቶ ፊልም ውስጥ እንዲህ ያለ መልስ አላየሁም፣ ቀናሁብሽ። አሁን የቀረሽ አንድ ጥያቄ ነው። በነዚህ ፊልሞች መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ «ይህ ካሜራ በእንዲህ ያለ ቦታ ተገኘ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ማን አገኘው? ሲያገኘው ምን አደረገ? ይህን የሚነግረኝ አጥቼ ነው የኖርኩት። ዲማ ሳለሁ መምህራችን አንድ ንባብ ስንቀጽል፣ በፊታቸው ስናነብ፣ «ማን ተናገረው፣ ለማን ተናገረው» ሳንል አያሳልፉንም ነበር። አንቺም አትለፊው።

ስለ ቪዲዮው፣ እኔን ካሜራ አይወደኝም። ሌላ ዘመድ ፈልጊ። እናቴን እግሯን ብርድ እንዳያገኛት በያት።

ደመላሽ

◆

ደብረ ማርቆስ
የካቲት 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ደመላሽ፤

በሰላም ያገናኘን። ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፤ እጄ ላይ የወደቀውን ጉድ ልንገርዎ።

ማን አገኘው ብለው አልነበር? ይስማው የሚባል ገበሬ አገኘው።

የካቲት 17 ገደሉ ውስጥ ባለ ዋሻ የመጨረሻውን ትዕይንት ቀርፀን ስንመለስ ካሜራው ከነቦርሳው ከአስማማው ትከሻ ወድቋል። ያወቅነው ደብረ ማርቆስ ገብተን ነው። መኪና ላይ የቀረ መስሎን መናኸሪያ ለመናኸሪያ ስንለምን ቀናት አለፉ። በመጨረሻ በገበያው ቀን ቁይ ከተማ ድረስ ሄጄ ለነጋዴው ሁሉ «የወደቀ ካሜራ ያገኘ ሰው አላያችሁም?» እያልኩ ስዞር አንዲት ጌሾ የምትሸጥ ሴትዮ ገላመጠችኝ። «አንቺ ለካሜራ ታለቅሻለሽ፣ እዚያ ዲማ በታች ልጅ ጠፍታ አገር ሁሉ ፍለጋ ወጥቷል» አለችኝ። የጠፋችው የኔ ፊልም ልጅ እንደሆነች ወዲያው ገባኝ።

ለካ ይስማው የጠፋች ጥጃውን ሲፈልግ ቦርሳውን አግኝቶ፣ እንደ ደንቡ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ለቄስ አካለ ወልድ አስረክቧል። ከቅዳሴ በኋላ «ዕቃ የጠፋባችሁ» ተብሎ ታወጀ። ባለቤት ሲጠፋ፣ ስም ቢኖርበት ብለው አንድ አስተማሪ እንዲከፍተው አደረጉ። የከፈተው የመጨረሻውን ትዕይንት ነው። ሂዊ ጨለማ ውስጥ ፊቷ ግማሹ ብቻ እየታየ፣ እያለቀሰች፣ «ሂዊ እባላለሁ፤ ይህን ያገኘ ሰው ካለ አደራ፣ ለእናቴ ይንገርልኝ። ሠርጉን ለሙሽሮቹ ስጡልኝ» ትላለች።

ያንን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለአዳራሹ ተመልካች ነበር የጻፍኩት። ይስማው ግን ያገኘው እሱ ነውና አደራው የሱ ሆነ። በማግሥቱ ከሦስት አጥቢያ ሰው ወጣ። በዐቢይ ጾም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ገደሉን ሲያስሱ ነበር። ይስማው ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚቱ ወልቋል። ቄስ አካለ ወልድ በሦስተኛው ቀን ፍትሐት ሊያደርጉላት ተዘጋጅተው ነበር።

ሂዊንና አስማማውን አስጠርቼ ሮጥን። ከገደሉ አፋፍ ስንደርስ ከታች «ሂዊ፣ ሂዊ» የሚል ጥሪ ከየአቅጣጫው ይመጣል። አሁን የማፍርበትን ልንገርዎ። በእጄ የተዋስኩት ካሜራ ነበር። ምን እንደሆነ ሳላስብ፣ እንደ ልማዴ፣ አብርቼ መቅረፅ ጀመርኩ። ሂዊ ወርዳ «አለሁ፣ እኔ ነኝ» ስትል ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሁለቱ ደግሞ እላይዋ ላይ ተደፉ። ከዚያ ነገሩ ሲገባቸው ለቀቋት። ይስማው በሰው ትከሻ ተደግፎ መጣና «እኛ ስንፈልጋችሁ እናንተ ትቀርፁናላችሁ?» አለኝ።

ሽማግሌዎቹ የወደቀውን ካሜራ ከነካርዱ ዕቃ ቤት አስገብተው ቆለፉበት። ካርዱ ከፋሲካ በኋላ ይቃጠል ብለው ቆርጠዋል። ሌላ ቅጂ የለኝም። አዳራሹ የሚጠብቀኝ ሚያዝያ 22 ነው። እናቴ «ተይው፣ አገር አታስቀይሚ» ትላለች። ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ፊልሙን ግን አልተውም። ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ እንደማደርገው ነው የቸገረኝ።

እስከዳር

ዘግይቼ የጨመርኩት፦ ፈላጊዎቹ መሐል እማማ ወለተ ሰንበትም ነበሩ። በዱላ እየተደገፉ። ስለሳቸው ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

◆

ጎተንበርግ
ማርች 22 ቀን 2023

ለእስከዳርዬ፤

አምላክ በነገር ሁሉ ካንቺ ጋር ይሁን። ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ፣ ዛሬውኑ መልሴን በፈጣን ፖስታ እልካለሁ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። አልዋሽሽም፣ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ስቄ ሰው ዞሮ አየኝ። ከዚያ የይስማው ቁርጭምጭሚት ላይ ስደርስ ሳቁ ቆመ። እስከዳር፣ ሦስት መቶ ፊልም አይቼ ትልቁን ጉድለት ያሳየኝ ይስማው ነው። ካሜራው ይገኛል፣ ይታያል፣ ሰው ይደነግጣል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንድም ፊልም ላይ አንድ ሰው ዱላውን አንስቶ «ልጅቱስ የት ናት?» ሲል አላየሁም። እኔም አሥራ አራት ዓመት ተቀምጬ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ተከራክረሽ አታሸንፊም፤ ስለ ኪነ ጥበብ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ። ሦስታችሁም ድንጋይ በትከሻችሁ ተሸክማችሁ፣ ጫማችሁን አውልቃችሁ፣ ሽማግሌዎቹ ከሚቀመጡበት ከዋርካው ሥር ግቡ። አውርዱ እስክትባሉ አታውርዱ። ትንሽ ድንጋይ አትምረጪ፣ ያዩታል። ካርዱን አትለምኚ። ስለ ይስማው እግር ጠይቂ። ቄስ አካለ ወልድ ራሳቸው ወደ ካርዱ ያመጡሻል።

ይህን ካልኩሽ አይቀር ሌላም ልበል። የአዳራሽ ኃላፊ አይደለሁም። ጠራጊ ነኝ። ፊልሙን የማየው በሩ ላይ ቆሜ፣ መጥረጊያዬን ይዤ፣ ሲያልቅ ፈንዲሻውን ልጠርግ ነው። በሥራዬ አላፍርም፣ በዋሸሁት ነው የማፍረው። አባቴ ሲያርፍ ለተስካሩ እመጣለሁ ብዬ ለእናቴ ቃል ገብቼ ቀረሁ። ድንኳን ተጥሎ ጠበቁኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ማንሳት ከበደኝ፣ ወሩ ዓመት ሆነ፣ ዓመቱ አሥራ አንድ። በዓመት አንድ ጊዜ ፖስታ ቤት እሄዳለሁ፣ ለእናቴ የበዓል ካርድ እጥላለሁ፣ እመለሳለሁ።

እናቴ ስትፈልግ ወጣች? በዚያ እግሯ? ስለሷ የምትጽፊውን አታዘግዪብኝ።

ደመላሽ

◆

ደብረ ማርቆስ
ሚያዝያ 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለጋሼ ደመላሽ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ፊልሙ ታየ። ይህን ቀድሜ ካልጻፍኩ እጄ አይታዘዝም።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በሰሙነ ሕማማት ነው። ሚያዝያ 10 ሄድን። ትልልቁን ድንጋይ መረጥን፤ አስማማው ከሁላችን አብልጦ ከመረጠ በኋላ ተጸጽቶ ነበር። ዋርካው ሥር ስንቆም ለረጅም ጊዜ ማንም አላየንም። ስለ አዝመራ ያወራሉ። ትከሻዬ ተላጠ። በመጨረሻ ቄስ አካለ ወልድ «ምን አመጣችሁ?» አሉ። «ስላስለፋናችሁ ልንታረቅ፣ የይስማውንም እግር ልንጠይቅ» አልኩ። ወደ ይስማው አዩ፤ እሱ ነው የተበደለው። እሱም «አውርዱ» አለ። ሂዊ ድንጋዩን አውርዳ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ ይህኛው ቅጥፈት አልነበረም።

ካርዱን አልለመንኩም። ቄስ አካለ ወልድ ራሳቸው «ያ ነገር ምንድን ነው የሚባለው?» ብለው አነሱት። ፊልም መሆኑን፣ ልጅቱ ጠፍታ እንደምትቀርና ካሜራዋ ብቻ እንደሚገኝ አስረዳሁ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ይስማው ነው የተናገረው፦

«መቅረቷ ግድ የለም፣ ተረት ነው። እኔን የከፋኝ ሌላ ነው። ፈላጊ የሌላት አስመስለሽ ልታሳዪን ነው። እኛ የለንም ወይ?»

ቄሱም «ካርዱን ውሰጂ። ለፍለጋ የወጣው ሰው ግን ይግባበት» አሉ። ፍርዱ ይኸው ነው። ይስማው አገኘሁት የሚለውን ራሱ በአፉ እንዲናገር ቀረፅኩት፤ ስለዚህ የእርስዎ ጥያቄ ባለቤት አግኝቷል። ዘመዱን ግን ከፊልሙ አወጣሁት፣ ካሜራው ውጭ አገር አይሄድም። መጨረሻዋ ያ ያፈርኩበት፣ ከአፋፉ ላይ የቀረፅኩት ሆነ፤ ሰዎቹ ገደሉን ሲያስሱ፣ ሲጣሩ። ይታይ ወይ ብዬ ሁሉንም ጠየቅሁ። ሁሉም እሺ አሉ።

አሁን ስለ እማማ። ድምፁን ለማስተካከል ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ደጋግሜ ስሰማ፣ «ሂዊ፣ ሂዊ» በሚለው ሁሉ መሐል አንድ የአሮጊት ድምፅ ሌላ ስም ይጠራል። መጀመሪያ የተሳሳትኩ መሰለኝ። አልተሳሳትኩም። «ደመላሽ» ይላል። ሦስት ጊዜ።

ዲማ ሄጄ ጠየቅኋቸው። አላፈሩም፣ አልካዱም። «ጠፋች የተባለችውን ልጅ አላውቃት። ወደ ገደሉ ስጣራ አፌ የሚያውቀውን ጠራ» አሉኝ። ላውጣው ወይ አልኳቸው። «ተጠርቷል እኮ፣ ምኑን ታወጪዋለሽ» አሉ።

አላወጣሁትም። በሚያዝያ 22 አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሞ ነበር። በመጀመሪያው ግማሽ ሳቁ፣ በዋሻው ጮኹ፣ አንዲት ሴት ጫማዋን ሸራው ላይ ወረወረች። ፈላጊዎቹ ሲመጡ ግን ከዲማ የመጡት ራሳቸውን ሲያዩ ብድግ ብድግ አሉ። ይስማው ከፊት ተቀምጦ ነበር፤ ያልወደደው ማንከሱ በደንብ አለመታየቱን ብቻ ነው። እማማ በስምዎ ሲጣሩ አጠገቤ ተቀምጠው ሸራውን ትኩር ብለው ያዩ ነበር፤ የሆነ ሰው ከዚያ ውስጥ እንዲመልስላቸው የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

ፊልሙን በዚች ፍላሽ ልኬልዎታለሁ። ከእንግዲህ ምንም አልለምንዎትም።

እስከዳር

◆

ጎተንበርግ
ግንቦት 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ ለእስከዳር፤

ያስታረቀሽ አምላክ እኔንም አይርሳኝ።

አለቃዬን አስፈቅጄ ጠዋት፣ አዳራሹ ሳይከፈት፣ ፊልምሽን በትልቁ ሸራ ላይ አየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ላይ ተቀምጬ። ጉድለቱን ልንገርሽ፣ ሳይራሩ ይንገሩኝ ብለሽኛልና፤ ዋሻው ውስጥ ያለው በአራት ደቂቃ ረዝሟል፣ የሂዊም አፍንጫ በዝቷል። ከዚያ በኋላ ስላለው የምለው የለኝም። እናቴ በአራቱም ድምፅ ማጉያ ስትጠራኝ ብድግ አልኩ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። መጥረጊያዬን ልይዝ እጄን ስዘረጋ አልነበረም።

ትኬት ቆርጫለሁ። ነሐሴ 3 አዲስ አበባ እገባለሁ፣ በማግሥቱ ደብረ ማርቆስ ነኝ። አንቺ አትቀበይኝ፤ አንድ ትልቅ ድንጋይ ብቻ ከእናቴ ደጅ አዘጋጂልኝ። ትንሽ እንዳትመርጪ፣ ታየዋለች።

እናቴ እስከዚያው እንዳትጠብቅ፣ በዚህ ፖስታ ውስጥ የጠየቅሽኝን ቪዲዮ በፍላሽ ልኬያለሁ። አንድ ደቂቃ አትሞላም። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ፊቴም ግማሹ ነው የገባው፤ ከታች የስልክ ቁጥሬ ተጽፏል። ለፊልምሽ አይደለም። ለእናቴ ወስደሽ አሳዪያት፣ ጆሮዋ ከደከመም ድምፁን ከፍ አድርጊላት። ብዙ ነገር ልናገር ጽፌ ነበር፣ ሁሉም ጠፋኝ። የተናገርኩት አንድ ቃል ነው።

«አቤት» ነው ያልኩት።

ደመላሽ